የጋቢናው ተረኛ

ላፍቶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ማናዬን የማያየው የለም፤ አየሁት የሚል ግን የለም። ጠዋት ጠዋት ነጯን ዶልፊን ሚኒባስ ከደረጃው ሥር አቁሞ ክላክስ ሲያደርግ ሁሉም ይሰማዋል፣ ልጁን ያስረክበዋል፣ ቦርሳ ያቀብለዋል፣ "ዛሬ ደግሞ አረፈድክ" ይለዋል። እንዴት አደርክ የሚለው ግን ጥቂት ነው። እንዲያውም አንዳንዱ ልጁን "ቻው" ብሎ ሲመለስ መኪናዋን ዞር ብሎ ያያታል፤ ጎማዋን፣ መስታወቷን። መሪ የያዘውን ሰው ከመኪናዋ ዕቃ አንዱ ያደርገዋል።

ማናዬ ይህን አይረሳም። ታናሽ ወንድሙ በዲግሪ ተመርቆ ሲሞሸር፣ ታላቁን ወንድም ከዳሱ በር ላይ፣ ሙሽራ ካጀቡት ሾፌሮች ጋር እንዳስቀመጠው አይረሳም። ይህ ከሆነ ስንት ክረምት አልፏል። ወንድምየው ወፍሯል፣ ልጆች ወልዷል፣ በዓል በመጣ ቁጥር እየደወለ "ወንድም ጋሼ" ይላል። ማናዬ ስልኩን ያነሳል፣ ደህና ነኝ ይላል፣ ይዘጋል። በሆዱ ግን ዛሬም እዚያችው በር ላይ፣ እዚያችው ፕላስቲክ ወንበር ላይ ነው የተቀመጠው።

ትምህርቱን ያቋረጠው ከሰባተኛ ክፍል ነው። የሚያመላልሳቸው ልጆችም ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ናቸው። ከላፍቶ አሳፍሮ፣ በመካኒሳ አድርጎ፣ ብስራተ ገብርኤል ሰፈር ወደሚገኝ የግል ትምህርት ቤት ያደርሳቸዋል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ መልሶ ያመጣቸዋል። ከዚህ ዕድሜ የባሰ ዕድሜ የለም ይላል እሱ። በልጅነታቸው ያፍራሉ፣ ወደ አዋቂነቱ ደግሞ ግቡ ያላቸው የለም። ወላጅ "ምን ሆነሃል?" ሲል "ምንም"፤ አስተማሪ "ገባችሁ?" ሲል "አዎ"። በሁለት ቃል ዓመቱን ይጨርሱታል።

በማናዬ መኪና ውስጥ ግን ያወሩ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በጠብ ነው። የፊት ወንበር፣ ጋቢና፣ ለልጅ የክብር ቦታ ነው። እዚያ ለመቀመጥ ሲጋፉ፣ ቦርሳ ሲጎተት፣ አንድ ቀን አንዷ ልጅ ጥርሷን ተመታች። ያኔ የከድር ልጅ አናስ፣ ምላሱ ከእግሩ የሚቀድም የስምንተኛ ክፍል ልጅ፣ ተራ ይውጣ አለ። ማናዬም እሺ ብሎ ከተራው ጋር አንድ ግብር ጨመረበት፦ ጋቢና የተቀመጠ ሰው አንድ ጥያቄ ይጠየቃል። ካልመለሰም የሚደርስበት ነገር የለም፤ መንገዱን እያየ ይሄዳል።

ጥያቄው የትምህርት ቤት ጥያቄ አልነበረም። ማናዬ "ስንት አመጣህ?" ብሎ ጠይቆ አያውቅም። "ዛሬ ምሳውን ብቻውን የበላው ማን ነው?" ይላል። "ከአስተማሪዎቻችሁ ውስጥ ቤቱ ገብቶ የሚያለቅስ የሚመስልሽ የትኛው ነው?" ይላል። "ብትጠፋ መጀመሪያ ሊፈልግህ የሚወጣው ማን ይመስልሃል?" ይላል። ከዚያ በኋላ ዝም ነው። ዓይኑ አስፋልቱ ላይ፣ እጁ ማርሹ ላይ። ሰው ፊት ለፊት ሲያዩት ይዋሻል፤ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ግን ለመንገዱ የሚያወራ መስሎት እውነቱን ያወጣዋል። መልሱ አንዳንዴ ጀርመን አደባባይ ሳይደርሱ ይመጣል፣ አንዳንዴ በሚቀጥለው ተራ፣ አንዳንዴ ጭራሽ አይመጣም። ሲመጣ ማናዬ "ጎበዝ" አይልም፣ "ተው" አይልም፣ "እኔ በእናንተ ዕድሜ" አይልም። ሰምቻለሁ ይላል፣ በቃ።

ስፒከሮቹንም ከፊት ነቅሎ ከኋላ አስገጥሟቸዋል። ኋላ ያሉት ዘፈናቸውን ሲሰሙ፣ ጋቢና ያለው የልቡን እንዲያወራ ነው። ሕጉን ያወጣው ግን እንደገና አናስ ነበር፤ የጋቢና ወሬ ከመኪና አይወርድም። ሕጉ ከወጣ በኋላ ስንት ነገር ተሰማ። መቅደላዊት የምትባለዋ ልጅ ሰሌዳው እንደማይታያትና መነጽር ማድረግ እንደሚያሳፍራት ነገረችው። ያ ሲያስቅ የሚውለው አናስ ሽንት ቤት ተደብቆ የሚያለቅስበት ቀን እንዳለ ነገረው። ማናዬ ማታ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ አምሳለ፣ እነዚያ ልጆች ዛሬ ምን አሉህ ብላ ትጠይቀዋለች። መንገድ ተዘጋግቶ ዋለ ይላታል። ለሚስቱ እንኳ! እንዲህ ነበር የጠበቀላቸው።

ያኤል ግን ዝም ያለች ነበረች። ሰባተኛ ክፍል ናት፤ ቀጭን፣ ፀጉሯን ጥብቅ አድርጋ የምታስር። ተራዋ ሲደርስ ጋቢና ትገባለች፣ ቀበቶዋን ታስራለች፣ ይጠይቃታል፣ መንገዱን ታያለች። እሱም ያልፋል። ሌሎቹ ለመናገር ጥቂት ሳምንት ነው የፈጀባቸው፤ እሷ ግን መስከረምን ዝም፣ ጥቅምትን ዝም፣ የገና ዕረፍት መጥቶ እስኪሄድም ዝም አለች። ማናዬ አልገፋትም። ሲገፉት የሚናገር ልጅ ሲገፉት የሚዋሽ ነው ይል ነበር።

አንድ ቀን መካኒሳ ላይ መንገዱ ለኮሪደር ሥራ ተቆፍሮ ቆመው ቀሩ። ተራዋ የያኤል ነበር። ማናዬም፣ ይቺ መኪና አሁን ክንፍ ብታወጣ ወዴት አድርሰኝ ትይኝ ነበር ብሎ ጠየቃት። ከፊታቸው ያለው ገልባጭ መኪና ትንሽ ፈቀቅ አለ፣ ደግሞ ቆመ።

"የትም" አለች። "የምፈልገው ሰው እዚሁ ነው ያለው።"

ከዚያ ነገሯ እንደ ተከፈተ ቧንቧ ወረደ። አባቷ ደምሰው ከእናቷ ጋር ተጣልቶ ከቤት ከወጣ ቆይቷል። እናቷ ትሩፋት፣ አባትሽ ሐዋሳ ገብቷል፣ ሌላ ኑሮ ይዟል፣ አንቺንም ረስቶሻል ብላታለች። እሱ ግን ሐዋሳ አልሄደም። እዚሁ አዲስ አበባ ነው፣ የሕንፃ ቀለም ይቀባል፣ በምሳ ሰዓት በትምህርት ቤቱ ጓሮ፣ በብረት አጥሩ በኩል ይመጣል። በወረቀት የተጠቀለለ ሳምቡሳ ያመጣላታል። እሷ ከውስጥ ቆማ ትበላለች፣ እሱ ከውጭ ይቆማል። እናቷ የምትቋጥርላት ምሳ ሳይነካ ቤት የሚመለሰው ለዚህ ነው።

ማናዬ፣ ምን ምን ታወራላችሁ አላት።

"ምንም። ስበላ ያየኛል።" ወደ ኋላ ዞር ብላ አየችና፣ "ለማንም እንዳትናገር፣ ጋሽ ማኔ። እማዬ ከሰማች ዳግመኛ አላየውም" አለች።

ሰምቻለሁ አላት። ከዚያ ቀን ወዲህ ተራዋ በደረሰ ቁጥር ጋቢና የምትገባው እየሳቀች ሆነ። አባቷ ጥርሱን እንደነቀለ፣ አባቷ አረንጓዴ ቀለም ጫማው ላይ እንደደፋ፣ አባቷ ጥበቃው ሲመጣ ዛፍ የሚቆጥር መስሎ እንደቆመ ትነግረዋለች። የሰው ሳቅ እንዲህ ማናዬ ጆሮ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ጠዋት ሲነሳ የማን ተራ እንደሆነ አስቦ ነው ሸሚዙን የሚለብሰው።

እንግዲህ ትሩፋት የምትባለዋን ሴት ማወቅ ያስፈልጋል። ባንክ ቤት ነው የምትሠራው፤ የወላጆቹ አስተባባሪ እሷ ናት፣ ማናዬን የቀጠረችውም እሷ ናት። ስትደውል "የት ደረስክ?" ነው፣ አንድ ቀን "እንዴት ነህ?" ብላው አታውቅም። ገና በመጀመሪያው ሰሞን፣ መኪናህ ውስጥ ሽታ ሽታ ይላል፣ ልጆች እኮ ናቸው የምትጭነው ብላ ሰው ፊት ነግራዋለች። ይህንንም ማናዬ አልረሳም፤ ከወንድሙ ሠርግ ጎን አስቀምጦታል።

ይህች ሴት አንድ ቅዳሜ ደወለች። "ጋሽ ማናዬ፣ እባክዎን ቤት ብቅ ይበሉልኝ" አለች። ጋሽ፣ እባክዎን። ማናዬ ስልኩን ከጆሮው አንስቶ ቁጥሩን አየው።

ሄደ። ሶፋ ላይ አስቀመጠችው። ጫማውን ሊያወልቅ ቢያጎነብስ፣ ምን በወጣዎት አለችው። ሻይ አመጣች፣ ኬክ በሳህን አመጣች፣ ፊት ለፊቱ ሳይሆን ከጎኑ ተቀመጠች። ስለ ልጇ ትጠይቀኛለች ብሎ ሲጠብቅ ስለ ልጇ አልጠየቀችም። እርስዎ የየት አገር ሰው ነዎት አለችው። እዚህ ከተማ መቼ መጡ አለችው። ስንት ዓመት ነዱ፣ ትምህርትስ አለችው። እና ዝም ብላ ጠበቀች።

ማናዬን በሕይወቱ ትምህርትስ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ስንተኛ ደርሰሃል ያሉት አሉ፤ ያ ግን ፎርም ለመሙላት ነው። ስለዚህ ነገራት። ሰባተኛ ክፍል ሳለ አባቱ ታሞ ሌሊቱን በቃሬዛ ጤና ጣቢያ አድርሶ፣ ጠዋት ጭቃውን እንኳ ሳያጥብ ክፍል እንደገባ፣ አስተማሪው "ለምን አረፈድክ?" ብሎ እንደጠየቀው፣ ሊመልስ አፉን ሲከፍት በጥፊ እንዳለው፣ ልጆቹ እንደሳቁ፣ ከዚያ ቀን በኋላ እንዳልተመለሰ። ይህን ለአምሳለ እንኳ ነግሯት አያውቅም። ትሩፋት አላቋረጠችውም። ዓይኗን እንባ ሞላው፤ የእውነት ይሁን የውሸት አንድ እግዚአብሔር ያውቃል።

ሻዩ ቀዝቅዞ ሌላ ተቀዳ። ያን ጊዜ ነው ስለ ራሷ የጀመረችው። ልጄ ታማብኛለች ጋሽ ማናዬ፣ ምሳዋን አትበላም፣ እንደቋጠርኩት ነው የሚመለሰው፣ አፏን አትከፍትልኝም፣ እናት ነኝ እኮ፣ ሌሊት እንቅልፍ የለኝም አለች። ሐኪም ቤት ልወስዳት ነው አለች። ደሟን ሊወስዱ ነው አለች።

ማናዬ ልጅቱ ጤነኛ መሆኗን ያውቃል፤ ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። እውነቱን ለመናገር፣ የማያውቁትን ማወቅ ደስ ይላል፤ ባንክ ቤት የምትሠራ ሴት ከጎንህ ተቀምጣ እንባዋን እየጠረገች ስትለምንህ ደግሞ ይብሳል። ሆኖም ዘሎ አልነገራትም። በእኛ ደንብ እንደሚደረገው መጀመሪያ ቃል ተቀበላት፤ ማይልኝ አላት።

"ገብርኤልን" አለች፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ከሩቅ በሚታይበት መስኮት በኩል ዞራ። "ብስራተ ገብርኤልን፣ ከእኔና ከእርስዎ አይወጣም።"

እሱም ነገራት። ልጅሽ አልታመመችም፣ ልጅሽ ከአባቷ እጅ ነው የምትበላው አላት። ትሩፋት ለረጅም ጊዜ የሻይ ማንኪያዋን አየች። ከዚያ አመሰገነችው፣ በር ድረስ ሸኘችው። ማናዬ በደረጃው ሲወርድ እግሩ መሬት አልነካም። እናት ናት፣ እናት ባዕድ አይደለችም፣ ከመኪና ወረደ አይባልም ይል ነበር በልቡ። በስሙ የተማለበትን መልአክ የሚያውቅ ሰው ደግሞ መሐላ ያፈርሳል ብሎ ማን ያስባል?

ሰኞ ረፋድ ላይ ደወለች። ልጄን ምሳ ሰዓት ላይ ልያት፣ ትምህርት ቤት ታደርሰኛለህ አለች። "ታደርሰኛለህ" ማለቷን ጆሮው ያዘው፣ ግን አለፈው። ከልጇ አባት ጋር ልትታረቅ ነው ብሎ እንኳ አሰበ፤ ምስኪን። መካኒሳ ላይ አቁምልኝ አለችው። ሁለት ወንድሞቿ ቆመው ይጠብቁ ነበር፤ አንደኛው ኋላ ገባ፣ ወፍራሙ ጋቢና ገባ፣ በሩን ወርውሮ ዘጋው። ማናዬ ያን ጊዜ ነገሩ ሸተተው።

"ወይዘሮ ትሩፋት፣ ምን ልታደርጉ ነው?" አላት በመስታወቱ እያያት።

"አንተ ንዳ" አለ ወፍራሙ።

ነዳ። ይህን ነው እስከ ዛሬ የሚያቃጥለው። መንገድ ዳር አቁሞ ቁልፉን ነቅሎ መውረድ ይችል ነበር። አልወረደም፤ ነዳ።

ደምሰው አጥሩ ጋ ነበር። ቀለም የነካው ቱታ ለብሶ፣ ወረቀቱን በብረቱ መሃል እያሾለከ ነበር። ወንድማማቾቹ ከኋላው ደርሰው አንገቱን ያዙት። አልተደባደበም፤ ልጄ ፊት አይሆንም፣ ልጄ ፊት አይሆንም እያለ ብቻ ይለምናል። ሳምቡሳው መሬት ወደቀ። ትሩፋት ጮኸች፣ ጥበቃዎች መጡ፣ ይሄ ሰውዬ ልጅ ሊሰርቅ ነው አለች፣ ደንብ አስከባሪዎች መጡ። የትምህርት ቤቱ ልጅ ሁሉ አጥሩን ሞላው። አናስ ነበረ፣ መቅደላዊት ነበረች። ያኤል ብረቱን በሁለት እጇ ይዛ ቆማ ነበር። አላለቀሰችም። አባቷን ሲወስዱት በዓይኗ ሸኘችው፣ ከዚያ ዓይኗ ከእናቷ ተነሥቶ እናቷ ወደ ወረደችበት መኪና መጣ። ነጯን ዶልፊን አየቻት። መሪ የያዘውን ሰው አየችው። በዚያ ሰፈር ማናዬን ትክክል አድርጎ ያየው የመጀመሪያው ሰው እሷ ሳትሆን አትቀርም።

ደምሰው ዳግመኛ ትምህርት ቤቱ አካባቢ እንዳይደርስ ፈርሞ ተለቀቀ፤ ከዚያ ወዲህም አልታየም። ያኑ ሰኞ ማታ ማናዬ ደረጃውን ወጥቶ የትሩፋትን በር አንኳኳ። በሩን ገርበብ አድርጋ እንደያዘች ነው ያናገረችው። ሶፋውም ሻዩም ከኋላዋ ይታያሉ።

"ምለሽልኝ ነበር" አላት።

"ከገብርኤል ጋር እኔ እታረቃለሁ" አለችው። "አንተ ግን ልጄ ከእኔ ተደብቃ ስንት ወር ሙሉ ስትጃጃል እያወቅክ ዝም ያልክ ሰው ነህ። ስንቱን ነው የደበቅከው?"

በሩ ተዘጋ። ማናዬ መብራት በሌለው ደረጃ ላይ ቆሞ ቀረ። አይገርምም? ነገረኝ ብላ አይደለም የከሰሰችው፤ ቀድሞ አልነገረኝም ብላ ነው። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል፤ ፈረስ እንኳ ጥሎ ዞር ብሎ አይከስም።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። እሷ ግን ወላጆቹን ከሕንፃው ሥር ሰበሰበቻቸው። ማናዬም ተጠራ። ሹፌር ሥራው መንዳት ነው አለች፤ ይሄ ሰውዬ ግን ልጆቻችንን ተራ በተራ ጎኑ እያስቀመጠ የቤታችንን ገበና ይጠይቃቸዋል፣ ሌላው እንዳይሰማ ደግሞ ስፒከሩን ኋላ አስገጥሟል አለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ፣ ትልቅ ሰው ከሴት ልጅ ጋር ጋቢና ምን ሲያወራ ነው የሚውለው አለች። ሴቶቹ ነጠላቸውን ሳቡ። ማናዬ የሚመሰክርለት ሰው ፍለጋ ዞር ዞር አለ። የአናስን አባት ከድርን አየው። ከድር የሱቅ ሰው ነው፣ ማናዬን የሚያከብር ነው፣ ረመዳን ላይ ለማፍጠሪያ የሚጠራው ነው። ልጁ ከዚያ ጋቢና ወዲህ ቤት ውስጥ መሳቅ እንደጀመረ በገዛ አፉ ነግሮታል። ከድር ጫማውን ተመለከተ። ለረጅም ጊዜ ጫማውን ተመለከተ። ማናዬ በሆዱ ካለው መደርደሪያ ላይ እሱንም አስቀመጠው፤ ከሁሉም ከፍ አድርጎ።

ወሩን ይጨርስና ሌላ ሹፌር ይመጣል ተባለ።

ወሩ ረዘመ። ልጆቹ ተራ ማውጣቱን ተዉት። ጋቢናው ባዶውን ይሄዳል፤ ኋላ ተጨናንቀው፣ አንዱ ባንዱ ጭን ላይ ተቀምጦም ቢሆን ማንም ወደ ፊት አይመጣም። ማናዬ መጀመሪያ ሰሞን ጥያቄ ወደ ኋላ ይወረውር ነበር። ዛሬ ምን አያችሁ ይላል። አንድም አይመልስም። አንድ ጠዋት አናስ ሲገባ በሩ ላይ ቆሞ ኮፍያውን አወለቀና እንደ ዜና አንባቢ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ውድ አድማጮቻችን፣ እንደምን አደራችሁ፤ ይህ ማኔ ኤፍ ኤም ነው።"

ኋላ ያሉት ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ያ ሆነ። አንዱ ሹክ ሊል ሲል ሌላው፣ ዝም በል ማይኩ ክፍት ነው ይለዋል። ማናዬ እየሰማ ይነዳል። መቅደላዊትን ዓይንሽ እንዴት ነው ብሎ ሊጠይቃት እያሰበ አልጠየቃትም። አናስን ዛሬስ አለቀስክ ወይ ሊለው አይችልም። የእነሱን ነገር ለማንም አልተናገረም፤ አንዱን ነው የተናገረው። ግን የጠበቀውን ማን ይቆጥርለታል? ያኤል ከሁሉም ኋላ፣ መስኮቱ ጋ ትቀመጣለች። ምሳ ዕቃዋ አሁን ባዶ ይመለሳል። እናትየው ልጄ መብላት ጀመረችልኝ ትላለች። ለማን እንደምትሰጠው የጠየቃት የለም።

በመጨረሻው ቀን ጠዋት ልጆቹ ሲገቡ የጋቢናው በር ተከፈተ። ያኤል ነበረች። ገባች፣ ቀበቶዋን አሰረች፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አደረገች። አናስ እንኳ አልቀለደም፤ ይልቁንም እጁን ዘርግቶ የኋላውን ስፒከር ከፍ አድርግ ብሎ በምልክት ነገረው። ማናዬ ከፍ አደረገው።

ከግቢው ወጡ። ማናዬ ምን ብሎ እንደሚጀምር እያብሰለሰለ ሳለ እሷ ቀደመችው። ዓይኗ መንገዱ ላይ ነበር።

"ዛሬ የምጠይቀው እኔ ነኝ" አለች። "ለምን ነገርካት?"

መልስ ሞልቶታል። እናትሽ ስለሆነች ሊል ይችላል። ስለማለችልኝ ሊል ይችላል። ደምሽን ሊወስዱ ነው አለችኝ ሊል ይችላል፤ ለአንቺው ብዬ ነው ሊል ይችላል። አንዱም ውሸት አይደለም። በእነዚህ በእነዚህ ነው ሰሞኑን ሌሊት ሌሊት ራሱን ሲሟገት የከረመው፤ ለትሩፋት ሲነግራት፣ ለከድር ሲነግረው፣ ለሰማይ ሲነግር። ልጅቱ ግን አትጎተጉተውም። ዞር ብላ አታየውም። ጀርመን አደባባይን አለፉ። መካኒሳ ላይ ቆሙ፣ ተነሡ። ደግማ አትጠይቀውም፤ ትጠብቀዋለች። ይህን ከማን እንደተማረችው ማናዬ ያውቃል።

"ጠየቀችኝ" አላት በመጨረሻ። "ስለ ራሴ ጠየቀችኝ። ከዚያ በፊት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር።"

ወደ ትምህርት ቤቱ የሚያስገባውን መታጠፊያ ታጠፉ። በሩ ጋ ሲደርሱ ኋላ ያሉት ወረዱ፣ ያኤል ግን ቀበቶዋን ፈትታ ትንሽ ተቀመጠች።

"እኔንም ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር" አለች።

ወረደች። በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ብትወረውረው ይሻለው ነበር። ጥበቃው፣ ሌላ መኪና ይጠጋ፣ ሂድ ሂድ እያለ እጁን ሲያወዛውዝ ማናዬ ማርሽ አስገብቶ ወጣ። መካኒሳ እስኪደርስ ድረስ ምንም አላሰበም። እዚያ መንገዱ እንደልማዱ ተዘግቶ ቆመ፤ ዙሪያውን ክላክስ ብቻ። ያን ጊዜ ትሩፋትን ሊረግማት አፉን ከፈተ። ወንድሙን፣ ከድርን፣ ያን ባለጥፊ አስተማሪ፣ ሁሉንም በስማቸው እየጠራ ሲረግማቸው የኖረ ሰው ነው፤ እርግማን ቸግሮት አያውቅም። አሁን ግን ቃሉ ምላሱ ላይ መጥቶ ቆመ፣ በማን ላይ እንደሚያወርደው ጠፋው። ከኋላ ያሉት መኪኖች ጮኹበት። መንገዱ ከተከፈተ ቆይቷል።